ዋጃ ተደብቄ ቲቶሪያል የገባሁ ዕለት

ወገን፣ ዛሬ የደረሰብኝን ስነግራችሁ ግማሾቻችሁ ትስቃላችሁ፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ ተማሪዎቼ ስለነበራችሁ ትሳቀቃላችሁ።

ሁለቱንም ችያለሁ። ብቻ ስክሪንሾት አንስታችሁ የመምህራን ግሩፕ ላይ እንዳትለቁብኝ!

ለማታውቁኝ፣ ቆቦ ላይ የሃይስኩል እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ጸጉሬ የሸበተው ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው። ሁሴን ብሎ የሚጠራኝ የለም፤ ባለ ባጃጁም ባለ ሱቁም "ቲቸር" ነው የሚለኝ። ከሳውዲ ወረቀት የመጣለት፣ የመድኃኒት ካርቶን ላይ የተጻፈው ያልገባው፣ ሁሉም የሚያንኳኳው የኔን በር ነው። ይሄን ነገር እወደዋለሁ። ምን እዋሻችኋለሁ፣ በጣም ነው የምወደው!

እና ይሄ ሁሉ ክብር ያለው ሰውዬ አምና የማስተርስ መግቢያ ፈተና ወደቀ።

በምን? በእንግሊዝኛ!

ለሰው ሁሉ "ኔትወርክ ተቋርጦብኝ ነው" አልኩ። ኔትወርኩ ደህና ነበር። ግማሹን ጥያቄ ሳልነካ ሰዓቱ አለቀብኝ እንጂ።

ዘንድሮ እንደገና ተመዝግቤያለሁ። ፈተናው ደርሷል። አሁንም ከወደቅሁ የትምህርት ዕድሉ ለሌላ መምህር እንደሚተላለፍ ቁርጡ ተነግሮኛል። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ዕድል ይመጣል ብዬ አልጠብቅም።

ስለዚህ ቲቶሪያል ልግባ አልኩ። ቆቦ ላይ? ሞቼ ነው! ከጎኔ የሚቀመጠው ወይ ተማሪዬ ነው፣ ወይ የተማሪዬ አባት ነው።

ጎረቤት ከተማችን ዋጃ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ለመግቢያ ፈተና የሚያዘጋጅ ክፍል እንዳለ ሰማሁ። ዋጃ ማን ያውቀኛል?

ለባለቤቴ ለዘይነባ "ስልጠና ልሰጥ ነው" አልኳት። "ልሰጥ" የምትለዋን ልብ በሉልኝ።

በዚያ ሙቀት ኮት ለበስኩ። የራያን ፀሐይ የምታውቁ አትፍረዱብኝ። ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ደፋሁና ሚኒባስ ያዝኩ።

ክፍሉ ስደርስ ትምህርቱ ሊጀመር ነው። በሩን ቀስ ብዬ ገፋ አድርጌ ወደ ኋላ ወንበር ሹልክ ልል ስል አስተማሪዋ ዞረች።

ሐያት!

ሐያት የሮቢት ከተማ ልጅ ናት። ሃይስኩል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከፊት ወንበር ተነስታ የማታውቅ፣ ጥያቄ የማያልቅባት ልጅ። ማስተርሷን መያዟን እንኳ አልሰማሁም ነበር።

"ያ ረቢ! ቲቸር መጡልን!" ብላ ጮኸች። "ተነሱ፣ ተነሱ! እኔን ለዚህ ያበቁኝ እኒህ ናቸው!"

ክፍሉ በሙሉ ብድግ አለ። ነርሱ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የባንክ ሠራተኛዋ፣ ሁሉም። ልጎበኛቸው የመጣሁ ነው የመሰላቸው። እኔ "ልማር ነው የመጣሁት" ልል አፌን ከፍቻለሁ።

ማርከሩን በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

እዚህ አገር መምህርህ ቆሞ አንተ አታስተምርም። ነውር ነው። እሷ ሄዳ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ አለች። አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እውነቱን ተናገሩ!

ማርከሩን ተቀበልኩ።

አስተማርኩ ስላችሁ! የዕለቱን የንባብ ፓሴጅ ጮክ ብዬ አነበብኩ። እያንዳንዱን መስመር ወደ አማርኛ መለስኩ፣ የከበደውን ቃል ፈታሁ፣ ምሳሌ ሰጠሁ። መሀል ላይ ቀልድ ጣል አደረግሁ፣ ሳቁልኝ። ላቤ በጀርባዬ ይንቆረቆራል፣ ልቤ ግን አብጧል። እንዲህ አስተምሬ አላውቅም አልኩ ለራሴ።

የሐያት ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ።

ለካ የልምምድ ፈተና ልትሰጣቸው ታይመር ሞልታ ነበር።

ነርሱ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ አፉ በሉኝና ሰዓቱ አለቀ። ገና አንደኛው ፓሴጅ ላይ ነን። የቀሩትን መቼ ልንሠራቸው ነው?"

ሐያትን አየኋት። መሬት መሬት ታያለች።

"ሐያት፣ ምን አጠፋሁ?"

"ኧረ ምንም ቲቸር! በጣም ጥሩ ነው..." አለች ሻሿን እያስተካከለች። ቀና ብላ ግን አላየችኝም።

ይሉኝታ ነው። እኔ እዚያ ቆሜ እስከ ምሽት ባወራ እሷ አታርመኝም ነበር። እነዚያ ሰዎችም በኔ ወሬ ተሞልተው ፈተና ሊገቡ ነው። እኔም ጭምር!

"ልጄ፣ እኔም ተፈታኝ ነኝ" አልኩ። "አምና ወድቄያለሁ። ልማር ነው የመጣሁት።"

ወጣልኝ! የባንክ ሠራተኛዋ ማስቲካ ማኘኳን አቆመች።

"ወላሂ?" አለች ሐያት። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች። "እንግዲያስ ልንገርዎት። እኔም መጀመሪያ ስፈተን በዚሁ አነባበብ ነው የወደቅሁ። መስመር በመስመር ስተረጉም ሰዓቱ ጥሎኝ ሄደ። መጀመሪያ ጥያቄውን ነው የሚያነቡት፤ ከዚያ ፓሴጁ ውስጥ መልሱን ብቻ ይፈልጋሉ። ሁሉን መፍታት አይጠበቅብዎትም። አፉ በሉኝ፣ ቲቸር።"

እንግዲህ ያንን አነባበብ ማን አስተማራት? እኔ!

እሷን ጥያለሁ ማለት ነው። ሌላ ስንቱን ጥዬ ይሆን? አፈርኩ። ይሄ ለፖስት ማሳመሪያ የምለው አይደለም፣ ከምር አፈርኩ።

ማርከሩን ብመልስላት አልቀበልም አለች። "አንቱ ቆመው እኔ?"

"እንግዲያው ልቀመጥ!" ብዬ ሄጄ ቅድም እጁን ካወጣው ነርስ ጎን ተቀመጥኩ። "አብሽሩ ቲቸር" አለኝ ወንበር እያሰፋልኝ።

ከዚያ አስተማረች። እንዴት እንደምታስተምር ብታዩ! አትጮህም፣ አትቸኩልም፣ ማንንም ከኋላ አትተውም። ታይመሩን ሞላችና በወንበሮቹ መሀል እየተዘዋወረች ታየን ጀመር። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ቲቸር፣ ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል። እየተረጎሙ ነው!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን አደርጋለሁ!

ታይመሩ ሲጮህ የመጨረሻው ፓሴጅ ላይ ደርሻለሁ። አምና የመጨረሻውን ፓሴጅ መልኩን እንኳ አላየሁትም ነበር። ወረቀቴን አርማ ስትመልስልኝ "ማሻአላህ፣ ያልፋሉ" አለችኝ፣ እኔ ድሮ እሷን እንደምላት። እንባዬ መጣ። ኮፍያዬ ጠቀመኝ።

ወገን፣ ኮርቻለሁ! ያስተማርኳት ልጅ ወድቃ ተነስታ፣ የኔን መንገድ ትታ የተሻለውን ራሷ አግኝታለች። ያን ማየት እንዲህ ደስ ይላል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አላስቻለኝም። አጠገቤ ለተቀመጡት የማሽላ ነጋዴ፣ ሳይጠይቁኝ፣ "ተማሪዬ የነበረች ልጅ ዛሬ አስተማሪ ሆና አየኋት። እንዴት ያለች አስተማሪ መሰለችዎት!" አልኳቸው።

"ማሻአላህ! ማንን ነው የምታስተምር?"

"እኔን።"

ሰውዬው ከኮፍያዬ እስከ ጫማዬ አዩኝ። ኮቴ በላብ ርሶ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

"እሷን አላህ ያግዛት" አሉ።

አሜን አልኩ።

አሁን የጨነቀኝ ሰኞ ነው። ክፍል ስገባ ያ ሁሉ ልጅ ተነስቶ "ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር!" ይለኛል። ፓሴጁን መስመር በመስመር ልንተረጉም ቀጠሮ ይዘናል። ምን ብዬ ልጀምርላቸው?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሐያት፣ አንቺ ግን መልሱን እንዳትነግሪኝ፣ መጀመሪያ ራሴ ልሞክረው!