ጭቃ የማያውቀው ጫማ

ጫማ የተሠራው እግርን ለመጠበቅ ይመስለኝ ነበር። እናንተስ? በጋምቤላ ክረምት ግን በእግራቸው ጫማቸውን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ሰማዩ ሲጠቁር ጫማቸውን አውልቀው በፌስታል ይጠቀልሉና በባዶ እግራቸው ጭቃው ውስጥ ይገባሉ።

አንዷ የእኔው ልጅ አጁሉ ናት። የገዛሁላትን የላስቲክ ቦት ጫማ "የዘበኛ ነው" ብላ አልጋ ሥር ወረወረችው። የወደደችው በእኔ ወጣትነት ይደረግ የነበረውን ዓይነት ሸራ ጫማ ነው። አንድ ወጣት ገበያው ጥግ በከፈተው ሱቅ ዶቃ በእጁ እየሰፋበት ይሸጠዋል።

"የማንንም ጫማ አይመስልም፣ እማ" አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስትመለስ ዝናብ ያዛት። ጫማውን እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ጎርፉ ውስጥ ገባች። የተሰበረ ጠርሙስ ተረከዟን ሰነጠቀው። ሐኪሙ ሰፍቶላት "ካመረቀዘ ለእግሯ ያሰጋል" አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ትናንት ጓደኛዋ ልትጠይቃት መጣች። በፋሻ የታሰረውን እግር በጨረፍታ አየችና፣ "ጫማው ተረፈ?" አለቻት።

"ጠብታ አልነካውም።"

"እስኪሻልሽ እኔ ላድርገው?"

ልጄ ዝቅ ብላ የታሰረ እግሯን አየች። አሁንስ ትመክራት ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ።

"አድርጊው" አለቻት፤ "ዝናብ ከመጣ ግን አውልቂው።"