የሊቀ ቀለሃ ካሳሁን ስድስት ጥይቶች

የቀለጠ እርሳስ ሽታ አንድ ጊዜ አፍንጫ ውስጥ ከገባ አይወጣም። እሸቴ ገና ወጣት መምህር ሆኖ ደብረ ታቦር የተመደበ ሰሞን፣ ከተከራያት ክፍል ግድግዳ ማዶ ያ ሽታ ይመጣበት ነበር፤ ብረት ብረት የሚል፣ ምላስ ላይ የሚቀር። ሽታውን ተከትሎ ደግሞ ድምፅ፦ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። «ማዶ ምንድን ነው የሚሠራው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አከራዩ ስለ ዝናብ እንደሚያወሩ ሁሉ ረጋ ብለው፣ «ካሳሁን ነዋ! ጥይቱን እየሞላ ነው» አሉት። እሸቴ በዚያው ለት አልጋውን ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዛወረ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የሌላ ሰው እጅ የነካውን የማያምን ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ ጠጅ ቤት የራሱን ብርሌ ይዞ ይሄዳል። ሌላው ፀጉሩን ራሱ ይቆርጥና ማጅራቱ ጎርፍ የሸረሸረው ማሳ መስሎ ይከርማል። የጋይንትና የደብረ ታቦር ደጋ ያበቀለው ግን ከሁሉም የባሰው ነው፤ ጥይቱን ራሱ ይሞላል።

ክቡር ሊቀ ቀለሃ ካሳሁን (ማዕረጉን የሰጠው እሸቴ ነው፤ ከተማው አጸደቀው) ከአባቱ የወረሰው አንድ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አለው። ሽጉጥ ማለት ያንሰዋል። አፈሙዙ አውራ ጣት ይውጣል፤ የታጠቀውን ሰው ወገብ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ሊቀ ቀለሃ በጉብዝናው ጊዜ ቀጥ ብሎ ይሄድ እንደነበር የሚመሰክሩ ሽማግሌዎች አሉ።

ለዚህ ጉድ የሚሆን ጥይት እንኳን ደብረ ታቦር፣ እብናትም ሐሙሲትም አይገኝም። ስለዚህ ተኩሶ የቀረውን ባዶ ቀለሃ አጥቦ፣ አሽቶ፣ መልሶ ይሞላዋል። እርሳሱን ከሞተ የመኪና ባትሪ ያወጣል። ባሩዱን በወርቅ አንጥረኛ ሚዛን ይመዝናል። ሲመዝን ትንፋሹን ይይዛል፤ አጠገቡ የተቀመጠውም እንዲይዝ ያዝዛል። እሸቴ ወዳጁ ከሆነ በኋላ አንድ ጊዜ አጠገቡ አስነጠሰውና ክረምቱን ሙሉ ጥይት ከሚሞላባት ክፍል ታገደ።

«ፋብሪካ ለማንም ነው የሚሠራው፤ እኔ ለእሷ ነው የምሠራው» ይላል ሊቀ ቀለሃ። እሷ የሚላት ሽጉጧን ነው። ባለቤቱ ፈንታነሽ ይህን ስትሰማ፣ «እኔን ስታመም ቅባት ቀብቶኝ አያውቅም፤ እሷን ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ያሻታል» ትላለች።

ቀብር አይቀርበትም። ለሟች ክብር በተተኮሰበት ሁሉ ከልቡ ያለቅሳል፤ ዓይኑ ግን መሬት ላይ ነው። ያገኘውን ቀለሃ አንሥቶ ኪሱ ይከታል። «ለእሷ እኮ አይሆንም» ሲሉት፣ «አውቃለሁ፤ ቀለሃ ግን ሜዳ ላይ አይጣልም» ብሎ እንባውን ይጠርጋል። ጤና ጣቢያ ሄዶ መርፌ ሊወጋ ሲል እንኳ፣ «ይህን ማን ሞላው?» ብሎ ነርሷን ጠየቃት። «እኔ ነኝ» አለችው። «እንግዲያው እያየሁሽ እንደገና ሙዪው!»

ይህ ሁሉ ሣቅ ነበር፤ ሠናይት ልታገባ እስክትል ድረስ።

ሠናይት የሊቀ ቀለሃ ብቸኛ ልጅ ናት። ክርስትና የተነሣች ለት፣ ጠላው ሞቅ ያደረገው አባት አቅፏት ቆመና በተሰበሰበው ሰው ፊት፣ «ለሠርግሽ ስድስቱንም እለቃቸዋለሁ!» ብሎ ማለ። ልጅቱ አደገች፤ ኩዌት ሄዳ ሠርታ ተመለሰች፤ ሐሙሲት ላይ ሱቅ ያለው ደህና ልጅ አገኘች። በዚህ መሐል ግን ዘመኑ ተለወጠ። ዱሮ ተኩስ ሲሰማ፣ «የማን ሠርግ ይሆን?» ይባል ነበር፤ አሁን ሰው ሳይጠይቅ በሩን ይቀረቅራል። ከዳሱ አንድ ጥይት ቢጮህ እንግዳው ተረጋግጦ ያልቃል። ከውጭ መልስ የሚተኩስ አይጠፋም፤ መልሱ ደግሞ ሙሽራ አይመርጥም።

«አባየ፣ እልልታው ይበቃኛል» ብላ ለመነችው ሠናይት።

«ቃል ነው ልጄ። ምዬበታለሁ።»

ፈንታነሽ ወደ እሸቴ መጣች። «መምህር፣ እርስዎን ይሰማል። እባክዎ ልጄን በሠርጓ ቀን እንዳያስፈጅብኝ!»

እሸቴ ሄደ። ሊቀ ቀለሃ ሚዛኑ ላይ አጎንብሶ ነበር።

«ካሳ፣ ተወው ይቅር።»

«አንተ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስታስተምር ልጆቹ ይሰሙህ ነበር?»

«አንዳንዶቹ።»

«እኔ ከሌሎቹ ነኝ» አለና ትንፋሹን ያዘ።

እሸቴም አብሮ ያዘ፤ ከዚያ ምንም ሳይፈይድ ወጣ።

የሠርጉ ለት ጧት ፈንታነሽ፣ ባሏ እግሩን ሲታጠብ አድብታ፣ ዝናሩን አወረደች፤ የኢየሱስን ጠበል በየጥይቱ ላይ እያንጠባጠበች፣ «አንተው አፋቸውን ዝጋ» አለች። ለእሸቴ ስትነግረው፣ የሊቀ ቀለሃ ጥይት በጠበል ጠብታ የሚበገር አልመሰለውም።

ሙሽራውና ሚዜዎቹ ገቡ። ተበላ፣ ተጠጣ። ሊቀ ቀለሃ ብድግ አለ፤ ጋቢውን ወደ ትከሻው ወረወረና ከዳሱ አፍ ላይ ቆሞ ሽጉጡን ወደ ሰማይ አነሣ። ከበሮው ቀጥ አለ። ሠናይት የሙሽራውን እጅ ጨምቃ ያዘች። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሸጎጡ። እሸቴ ጆሮውን በሁለት ጣት ደፈነ፤ ዓይኑንም ጨፈነ።

ቀጭ።

ዓይኑን ገለጠ። ሊቀ ቀለሃ ፊቱ ሳይለወጥ እንደገና ሳበ። ቀጭ። ደግሞ ቀጭ። ስድስቱንም እንዲያው ቀጭ፣ ቀጭ አደረጋቸው። ያን ጊዜ የሙሽራው አጎት ጌጡ ሆዱን ይዞ፣ «ሊቀ ቀለሃ! በእጅህ የሞላኸው አይደለም እንዴ? ምነው ጦም አሳደርካት?» ብሎ ጮኸ። ዳሱ በሣቅ ፈረሰ። ታፍኖ የቆየው ፍርሃት ሁሉ ሣቅ ሆኖ ወጣ። ፈንታነሽ ከሁሉ በላይ እልል አለች፤ ሠናይት እንባዋ እየወረደ ሣቀች። እሸቴ አግዳሚው ላይ ዘጭ ብሎ የጎረቤቱን ጠላ ጠጣ።

ሊቀ ቀለሃ ሽጉጡን ወደ አፎቱ መለሰ። «ቃሌን አድርሻለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ከበሮው እንደገና ተመታ።

የደብረ ታቦር ሰው እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ ዝም አይልም። ባጃጅ ነጂዎች ሊቀ ቀለሃን ባዩት ቁጥር አንገታቸውን አውጥተው «ቀጭ!» ይሉት ጀመር። ጠጅ ቤት ሲገባ «ቀጭ!»፤ ገበያ ሲወጣ «ቀጭ!»። ለአንዲት ስድብ ዱላ ያነሣ የነበረ ሰው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። እሸቴ ሳምንት ታገሠና አንጀቱ አልችል አለ፤ ሊያጽናናው ሄደ።

እርሳስ የሚሸተው ክፍል እንደ ዱሮው ነው። ስድስቱ ጥይቶች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። እሸቴ ሊቀ ቀለሃ እስኪመጣ አንዱን አነሣ፤ ገለባበጠው። ከታች፣ እሳት የሚጭረው ቦታ ላይ፣ ሁለት የመመታት ምልክት አየ፤ አንዱ አዲስ፣ አንዱ የዛገ። እሳቱ ቀድሞ ተተኩሶ የበረደ ነው፤ ሊቀ ቀለሃ አውቆ አልለወጠውም። አሁን የከሸፈ አይደለም። የእርሳሱን ጫፍ ያዝ ቢያደርገው ላላ ብሎ ወጣ፤ ከቀለሃው ውስጥ ነጭ ጤፍ መዳፉ ላይ ፈሰሰ።

ቀና አለ። ሊቀ ቀለሃ ከበሩ ሥር ቆሞ ያየዋል።

«ካሳ... ይኸ ጤፍ ነው።»

«ማኛ ነው» አለ ሊቀ ቀለሃ ቅር እንዳለው ሰው። «ለሠናይት ሠርግ ሌላ ይገባል?»

እሸቴ ጤፉን በመዳፉ እንደያዘ ወደ በሩ ዞረ። «ታዲያ ከተማው ሁሉ እንዲህ ሲያላግጥብህ...»

«ለፈንታነሽ እንዳትነግራት። ጠበሉ ነው ብላለች፤ ጠበሉ ነው።»

ሊቀ ቀለሃ ዘንጉን ከጥጉ አነሣ፤ ጋቢውን አስተካከለና ደህና ዋል እንኳ ሳይል ወጣ። ከውጭ አንዱ ባጃጅ ነጂ «ቀጭ!» አለው። እሸቴ መዳፉ ላይ ያለችው ጤፍ እንዳትበተንበት ትንፋሹን ይዞ ቀረ።