ክርኗና ክርኔ

[መጋቢት ፲፪ ቀን፣ ጠዋት። ወንበሩ ላይ እናታችን ሳትጨርሰው የሞተችበት የልጅ ሹራብ አለ፤ አንድ እጅጌ ይቀረዋል። ልጄ ሚጡ ከዥዋዥዌ ወድቃ ክርኗ ስለተሰበረ ክንዷ በጀሶ ታስሯል። እኔም ጤነኛ እጄን በሻርፕ አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ። ወንድሜ ጫማዬን ያስርልኛል።]

ወንድሜ፦ ጋሼ፣ አራት ሳምንት ሙሉ ጫማ አሰርኩልህ። አንተ እኮ ምንም አልሆንክም!

እኔ፦ ብቻዋን እንዳትታሰር ነዋ! እንዲህ ታስሬ ያየችኝ ቀን ነው ለቅሶዋን የተወችው። ጠበቅ አድርገው።

ወንድሜ፦ ዛሬ ከክርኗ ሽቦዎቹን ሲነቅሉ እንደገና በማደንዘዣ ያስተኟታል?

እኔ፦ ያስተኟትማ አጥንቱን ወደ ቦታው መልሰው ሽቦ ሲሰኩበት ነው። የሽቦው ጫፍ ከቆዳዋ ውጭ ስለሆነ አሁን መዘዝ ማድረግ ብቻ ነው። ሐኪም ቤት መዝገብ ቤት ያረጀሁት በከንቱ መሰለህ?

ወንድሜ፦ ከዚያ ወጌሻ ያሻታላ?

እኔ፦ በስመ አብ! የልጅ ክርን አይታሽም፣ በግድም አይታጠፍም። ይብስበታል!

ወንድሜ፦ ካልታሸ ደርቆ ቢቀርስ?

እኔ፦ [ድምፄን ዝቅ አድርጌ] እሱን እኮ ነው የፈራሁት። ዛሬውኑ ፊዚዮቴራፒ ወረፋ አስይዝላታለሁ።

[ከሰዓት በኋላ። ከሐኪም ቤት ተመልሰናል። ጀሶው የለም።]

ወንድሜ፦ ወረፋው ተያዘ?

እኔ፦ ተያዘ።

ወንድሜ፦ የኔ ሚስኪን! ሊያሳምሟት ነው።

እኔ፦ ሐኪሙ «ትጫወት፤ ራሷ ቀስ በቀስ ትዘረጋዋለች» ነው ያለው።

ወንድሜ፦ ታዲያ ወረፋው ለማን ነው?

እኔ፦ ሻርፑን ፈታሁት። እጄ እንደታጠፈ ቀረ። ሐኪሙ «የትልቅ ሰው ክርን ዝም ብሎ ከታሰረ ይደርቃል። ለመሆኑ ማነው ያሰረህ?» አለኝ።

ወንድሜ፦ [ሆዱን ይዞ እየሳቀ] ብቻህን እንዳትሆን እኔም ልታሰር?

እኔ፦ ዞር በልልኝ! ሚስትህ ሹራቡን እጨርሳለሁ ብላ የለ? ክሩ እዚያ በር ጀርባ የተሰቀለው ፌስታል ውስጥ ነው።

[እጄን እሰዳለሁ፤ መንገድ ላይ ይቆማል። ሚጡ በብብቴ ሥር ሾልካ ክንዷን ትዘረጋለች፤ እስከ መጨረሻው አይደለም፣ ፌስታሉ ጋ ለመድረስ ግን በቃት።]

ወንድሜ፦ ጋሼ፣ አየሃት? ዘረጋችው እኮ!

እኔ፦ አየሁ። ቀለሙ ከሹራቡ ጋር ይስማማል?

ወንድሜ፦ ልክክ ብሏል። ማን ነው የገዛው?

እኔ፦ እማዬ ናት። ያረፈች ዕለት ጠዋት ሱቅ ደርሳ መጣች።