ራሳቸውን የሳቱት ሹምና ደጋፊዎቻቸው

ከጋይንት እስከ እስቴ ስለ ልብና ስለ ደም ሥር ከእኔ የበለጠ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይሟገተኝ! አስተማሪ አልነበረኝም፤ በየፋሲካው የታረደውን በሬ ልብ እየሰነጠቅሁ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ልብ ደምን ይገፋል፤ በውስጡ ያሉት ትናንሽ በሮች ደግሞ የወጣው እንዳይመለስ ይዘጋሉ።

እናንተዬ፣ ደጋፊ የሚባለውን ሰው ታውቁታላችሁ? ሹም ሲያስነጥስ "ይማርዎት!" ለማለት የሚሽቀዳደመውን?

በንጉሡ ዘመን ነው። ጭቃ ሹማችን በጾም ሆዳቸው አርብ ገበያ ፀሐይ ላይ ቆመው ሙግት ሲሰሙ ድንገት ራሳቸውን ሳቱ። ደጋፊዎቻቸው በብብታቸው ይዘው ቀጥ አድርገው አቆሟቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ!

"አስተኟቸው! ደሙ ወደ እግራቸው ወርዷል፤ ለአንጎላቸው የሚደርስ ጠፍቷል!" ብዬ ጮኽኩ።

"አንተ ሰው፣ ጌታችንን አፈር ላይ?"

"አፈር ላይ ካልተኙ አፈር ውስጥ ይገባሉ!"

ገፈታትሬያቸው ሹሙን አጋደምኩ፤ ተንበርክኬም እግራቸውን ትከሻዬ ላይ አወጣሁት። ገበያው "ኧረ ጉድ!" አለ። ወዲያው ከንፈራቸው ቀላ፤ ዓይናቸውም ተገለጠ።

"እግሬን የሰቀለ ማን ነው?" ብለው ተቆጡ።

"እሱ ነው!" አሉ ደጋፊዎቹ በአንድ አፍ።

"ነፍሴን የመለሰውስ?"

"እኛ ነን!"

እንግዲህ ሥራዬን ልቁጠርላችሁ፦ የወረደ ደም ወደ ልብ መለስኩ፤ ሹም ከመቃብር አስቀረሁ፤ ደጋፊዎችንም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት አናገርኩ፣ ግማሹን ብቻ ቢሆንም።