መቶ ዐሥራ አራት ጊዜ የተነካው ብሎን

በዚህ ዓለም ላይ ከሚዋሽ ሰው ጋር መኖር ይቻላል። ከሚያንኮራፋ፣ ከሚነጫነጭ፣ የሰው ጃንጥላ ተውሶ ከማይመልስ ሰው ጋርም እንደምንም ይኖራል። የማይቻለው ከሚለካ ሰው ጋር መኖር ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ለየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ታድሏል፤ እርሳሱ ጆሮው ላይ፣ ባለ ካሬ ወረቀቱ ብብቱ ሥር፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ሐኪም ክፉ ውጤት ሊናገር ሲል የሚያሳየው ዓይነት ርኅራኄ።

ለዱቄት ሳሙና ፋብሪካው የደረሱት ክቡር ናሙና ናቸው። ገና ሠላሳ አምስት አልሞላቸውም። ክቡር የተባሉት በሹመት አይደለም፤ ፋብሪካው ተማርሮ ነው። አንቱታውም እንደዚያው። ናሙና የተባሉት በየግማሽ ሰዓቱ ማሸጊያ ክፍል ብቅ እያሉ “አምስት ብቻ!” ስለሚሉ ነው። አምስት ከረጢት ያነሣሉ፣ አንድ በአንድ ይመዝናሉ፣ አማካዩን ያወጡና ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት፣ በሁለት ቀይ መስመሮች መካከል፣ አንዲት ነጥብ ያሳርፋሉ። ነጥቧ መስመሮቹ መካከል ካረፈች ሰላም ነው። ከወጣች ግን ጉድ ፈላ! “ልዩ ምክንያት አለ” ይላሉ፣ ቤት ውስጥ እባብ እንዳየ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ነገሩ በሥራ ቦታ ቢያበቃ ምን ነበረበት! አያበቃም። ፋብሪካው ፊት ለፊት ያለችው ሻይ ቤት ገብተው ሙቀት መለኪያ ከደረት ኪሳቸው ያወጣሉ።

“እህቴ፣ የዛሬው ሻይ ከትናንቱ በሦስት ዲግሪ ይቀዘቅዛል።”

“ታዲያ ላሙቅልህ?”

“አይ፣ እንዳትነኪው። አዝማሚያውን እያየሁ ነው።”

አውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ሲዘገይ፣ ሰልፈኛው ሾፌሩን ከነዘር ማንዘሩ እያነሣ ሲጥል፣ እሳቸው ደብተራቸውን ገልጠው “አይዟችሁ፣ መዘግየቱ የተረጋጋ ነው” ብለው ያጽናናሉ። እስከ ዛሬ ሳይደበደቡ መኖራቸው ራሱ በስታቲስቲክስ የሚገለጽ ነገር አይደለም። አማታቸው ሊጠይቋቸው መጥተው ዘጠነኛ ቀናቸውን ሲይዙ ደግሞ፣ የስድስት ዓመት ጉብኝታቸውን በነጥብ አስቀምጠው፣ “እማማ፣ ዘንድሮ ከላይኛው መስመር አልፈዋል፤ ልዩ ምክንያት ይኖር ይሆን?” አሏቸው። ነበረ እንጂ! አማትየዋ ከልጃቸው ጋር ሆነው ይህንን ሰውዬ ምን ቢያደርጉት እንደሚሻል እየመከሩ ነበር።

በእኚህ ሰው ከሁሉ ይልቅ ቆሽቱ የሚያርረው ግን ጋሼ ብሎን ነበር።

ጋሼ ብሎን የማሸጊያ ማሽኗ ኃላፊ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ካቻቢቴውን ከእጁ ሳያወርድ ከጎኗ ቆሟል። እሷን “እሜቴ” ይላታል። ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው እሷን ነው፤ ለሠራተኛው የሚደርሰው ከእሷ የተረፈው ሰላምታ ነው። እሜቴ ዱቄቱን ከላይ ትቀበላለች፣ አምስት መቶ ግራም ትቆርጣለች፣ ከረጢቱን ሞልታ በሙቀት ታሽጋለች። የምትቆርጠውን መጠን የሚወስነው በጎኗ ያለ አንድ ብሎን ነው። ወደ ቀኝ ሲዞር ዱቄቱ ይቀንሳል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይጨምራል። በዚያ ብሎን ላይ ከጋሼ ብሎን በቀር እጁን ያሳረፈ ፍጡር የለም፤ ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚያ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ከረጢት መዝኖ አምስት መቶ ስምንት ካገኘ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር። ቀጣዩ አራት መቶ ሰማንያ ስምንት ከሆነ ወደ ግራ ሩብ ዙር፣ ለመተማመኛ ትንሽ ጨመር አድርጎ። “ጆሮዬ ሚዛን ነው” ይላል አፉን ሞልቶ። “ስታቃስት አውቃለሁ።”

ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ከየሱቁ ቅሬታ ይጎርፍ ጀመር። አንዱ ከረጢት አራት መቶ ሰባ ግራም፣ ሌላው አምስት መቶ ሠላሳ። ሥራ አስኪያጇ ማሸጊያ ክፍል ድረስ ወርደው እሜቴን ከእግር እስከ ራሷ ገላመጧት።

“አርጅታለች። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለች ተቆራርጣ ለብረት ትሸጣለች። አዲሱ ማሽን የሚፈልገው ቁልፍ የሚጫን ሰው ብቻ ነው።”

“እኔስ?” አለ ጋሼ ብሎን።

“ለአንተ መጋዘን ውስጥ አንድ ቦታ አናጣም።”

መጋዘን! ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ሰው፣ እሜቴ በመጋዝ ስትቆራረጥ እየሰማ፣ የካርቶን ጠባቂ ሊሆን! ያን ቀን ምሳውን እንዳሰረው መለሰው።

ክቡር ናሙና የታዘዙት ያኔ ነው፤ “ነገሩን አጥንና ሪፖርት አቅርብ” ተብለው። መጡና ከእሜቴ ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳይናገሩ፣ ዱቄቱ ሲያስነጥሳቸው ብቻ እያረፉ፣ ጻፉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደብተራቸውን ገለጡ።

“ጋሼ፣ ትናንት ብሎኑን ስንት ጊዜ እንደነኩት ያውቃሉ?”

“የሚያስፈልገውን ያህል።”

“መቶ ዐሥራ አራት ጊዜ።”

“ምን? በሰው ትዳር መሐል ገብተህ ትቆጥራለህ እንዴ!”

ከረጢት ወደ ካርቶን የሚከቱት ስምንቱ ሴቶች ሳቃቸውን ለማፈን ሲሉ በአንድ ላይ አስነጠሱ። አለቃቸው እትዬ ካርቶን ብቻ አልሳቀችም፤ ከጋሼ ብሎን ጋር ዐሥራ ስምንት ዓመት ሠርታለችና አንገቱ ላይ ያለው የደም ሥር ሲገተር ምን እንደሚከተል ታውቃለች።

“ጋሼ፣” አሉ ክቡር ናሙና፣ “ለሦስት ቀን አይንኳት።”

“ሲጎድልስ?”

“አይንኳት።”

“ሲተርፍስ?”

“እሱንም አይንኩት። ትንሽ ትንሽ መወዛወዝ ተፈጥሮዋ ነው። እርስዎ እያንዳንዷን መወዛወዝ ሲያሳድዱ…”

“ስማ ልጄ! አንተ ዳዴ ስትል እኔ ይቺን ማሽን አውቃታለሁ!”

“እሱ እውነት ነው፤” አሉ ክቡር ናሙና፣ ጥቂት አስበው። “ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ እንጂ ዳዴ እንኳ አልልም።” ከእኚህ ሰው ጋር መጣላት ራሱ አያረካም።

ሥራ አስኪያጇ ፈቀዱ። ብሎኑ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ተፈረመበት። ጋሼ ብሎንም ካቻቢቴውን እንደያዘ፣ ጦርነት እንደታወጀበት ሰው ቆመ።

የመጀመሪያው ከረጢት አምስት መቶ ስድስት መጣ። እጁ ተነሣ። እትዬ ካርቶን “ጋሼ!” አለችው። እጁን ኪሱ ከተተው። ቀጣዩ አራት መቶ ዘጠና አምስት። እጁ ኪሱ ውስጥ ዞረ፣ ወደ ግራ ሩብ ዙር። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ከክፍሉ ወጣ፤ እዚያ ከቆየ አንዱን፣ ወይ ወረቀቱን ወይ ሰውየውን፣ መቅደዱ አይቀርም ነበር።

የለመደ እጅ ግን ሥራ አያጣም። አንዱን ብሎን የተከለከለው ሰው በፋብሪካው ያለውን ብሎን ሁሉ ማጥበቅ ጀመረ። የመስኮት ማጠፊያ፣ የምሳ ቤት አግዳሚ፣ የጥበቃው ሬዲዮ ሳይቀር። በሁለተኛው ቀን አጋማሽ ላይ ከማሸጊያ ክፍሉ ጎን ያለውን የመጸዳጃ ቤት መቆለፊያ አጠበቀው። አጠባበቁ እጅግ የሠመረ ስለነበር ቀጥሎ የገቡት ሰው መውጣት አቃታቸው። የገቡት ደግሞ፣ ከመቶ ሠላሳ ሠራተኛ መካከል፣ ክቡር ናሙና ነበሩ።

በሩ ተደበደበ። ቁልፍ ሠሪ ተጠራ። ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ ግን “አውጡኝ” የሚል አልነበረም።

“ሰዓቱ ደርሷል! አምስት ብቻ! አምስት ውሰዱልኝ!”

“ታፍኖ እንኳ አይተወንም!” አለ ጋሼ ብሎን። “ውሰዱለት እንጂ፣ አንዳችሁ!”

“እጃችን ካርቶን ውስጥ ነው፤” አለች እትዬ ካርቶን። “ከመላው ክፍል ሥራ ፈት አንተ ብቻ ነህ።”

ይህቺ ቃል ከመቶ ዐሥራ አራቱም ትብስ ነበር። ጋሼ ብሎን እያጉረመረመ አምስት ከረጢት አነሣ። መዘነ። አራት መቶ ዘጠና ስምንት። አምስት መቶ ሦስት። አምስት መቶ አንድ። አራት መቶ ዘጠና ሰባት። አምስት መቶ ሁለት። ሚዛኑ የተበላሸ መሰለውና መታ መታ አደረገው። እንደገና መዘነ፤ ያው ነው። በበሩ ሽንቁር በኩል አማካይ እንዴት እንደሚወጣ እየተነገረው ደመረ፣ አካፈለ፣ ነጥቧን ሊያሳርፍ ግድግዳው ጋ ሄደ።

እስከዚያ ቀን ወረቀቱን አይቶት አያውቅም፤ በንቀት። አሁን አየው። ያለፈው ሳምንት ነጥቦች አንዱ ጣሪያ አንዱ ወለል እየረገጡ፣ መስመሩን ወዲያም ወዲህም እየጣሱ ይጨፍራሉ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ያሉት ግን እንደ ተማሪ ሰልፍ መሐል ለመሐል ተሰልፈዋል። የራሱን ነጥብ ከመሐላቸው አሳርፎ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

እሜቴ አላረጀችም። ደኅና ነበረች። የሚያንቀጠቅጣት እጁ ነበር።

“ጋሼ፣ ምን ሆንክ?” አለች እትዬ ካርቶን።

“ዱቄቱ ዓይኔ ገባ” አላት።

ማሽኗ ልትተርፍ ነው፣ ጥሩ። እሱ ግን? ሪፖርቱ ላይ “ጥፋተኛው የማሽኑ ኃላፊ ነው” ተብሎ ሲጻፍ ታየው። ክቡር ናሙና ደግሞ ለሰው ሲሉ ቃል የሚያለዝቡ ሰው አይደሉም። ሚስታቸው ለሠርጋቸው በተሠራችው ፀጉር እንዴት እንዳማረባት ስትጠይቃቸው፣ ከምን ጋር ሲነጻጸር ብለው የጠየቁ ሰው ናቸው።

ሦስተኛው ቀን አልፎ በማግስቱ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጇ ወረቀቱን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

“ስለዚህ ማሽኗ ጤነኛ ናት። ታዲያ ሲያበላሸው የነበረው ማነው?”

ጋሼ ብሎን ጫማውን አየ።

“ጋሼ ናቸው፤” አሉ ክቡር ናሙና፣ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው።

ጋሼ ብሎን በሕይወቱ የማንንም አንገት ሊያንቅ እንዲህ ከጅሎ አያውቅም።

“በጣም ጥሩ” አሉ ሥራ አስኪያጇ፣ እስክሪብቶ እያነሡ።

“አልጨረስኩም።” ክቡር ናሙና ሌላ ወረቀት አወጡ፤ ሁልጊዜም ሌላ ወረቀት አላቸው። “ጋሼ የሠሩት በታዘዙት መሠረት ነው። ከጥቂት ወራት በፊት የወጣው ትእዛዝ ይኸው፦ ‘እያንዳንዱ ከረጢት ልክ አምስት መቶ ግራም ይሁን፤ ልዩነት ከታየ ኃላፊው ወዲያውኑ ያስተካክል።’ ይህንን የሚያደርግ ማሽን አልተሠራም፤ አዲሱም አያደርገውም። የማይሆን ነገር ታዘዙ፣ ሊያደርጉት በቀን መቶ ዐሥራ አራት ጊዜ ሞከሩ። መቼ መንካት፣ መቼ መተው እንዳለባቸው የነገራቸው ሰው የለም። አዲስ ማሽን ገዝተን በዚሁ ትእዛዝ ብናሠራው በወሩ እንዲሁ ይሆናል።”

“ይህንን ትእዛዝ ማን ነው የጻፈው?” አሉ ሥራ አስኪያጇ በቁጣ።

“ፊርማው የእርስዎ ነው።”

ሥራ አስኪያጇ ወረቀቱን ተቀብለው ፊርማውን አዩት። ደጋግመው አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና፣ ትእዛዙ እንደሚሻሻል፣ ማሽኗ ካለችበት እንደማትነሣ፣ ኃላፊዋም እንደማይነሣ ተናገሩ። ክቡር ናሙና ከአሁን በኋላ ሪፖርታቸውን በጽሑፍ ብቻ፣ በታሸገ ፖስታ እንዲያቀርቡም አከሉ።

ኮሪደሩ ላይ ጋሼ ብሎን የክቡር ናሙናን እጅ ያዘ።

“ልታድነኝ ብለህ ነው አይደል?”

“አይደለም፣ ጋሼ። ቁጥሩ ያለው እንደዚያ ነው።”

“ቁጥሩ ሌላ ቢል ኖሮስ?”

“ሌላ እል ነበራ።”

“እንደምባረር እያወቅህ?”

ክቡር ናሙና እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ መለሱ። “በጣም ይከፋኝ ነበር፤” አሉ። “ግን እል ነበር።”

ጋሼ ብሎን ፊታቸውን አየው። ልክ ይህንኑ ፊት ይዞ ወደ መጋዘን ሊሰደው ይችል የነበረ ሰው ነው። ቢያሞግሰው ይሻል ነበር፤ ቢዋሽለት ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ውለታ ሠራሁልህ ብሎ ቢኮራበት። ምንም የለም። የሚያናድደው ደግሞ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከዚያ ቢሮ ስለ እሱ ከተነገረው ሁሉ ያለ ጥርጥር ያመነው የዚህን ሰው ቃል ብቻ መሆኑ ነው።

ማሸጊያ ክፍል ሲመለስ ሴቶቹ ከበቡት።

“ምን ተባለ? ምን ተባለ?”

“እሜቴ ትቀጥላለች። እኔም እቀጥላለሁ።”

ክፍሉ በእልልታ ቀለጠ። እትዬ ካርቶን እንባዋን በሽርጧ ጠርጋ፣ “ተመስገን! ያ ደረቅ፣ ያ ነጥብ ለቃሚ፣ ያ ቀዝቃዛ ሰውዬ ሳይጨርስህ…” ብላ ገና ከመጀመሯ፣ ጋሼ ብሎን ካቻቢቴውን ሽቅብ አነሣ።

“እትዬ ካርቶን! ምላስሽን ሰብስቢ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ፋብሪካ ውስጥ እሱን የምሰድበው እኔ ብቻ ነኝ።”