አማቴ የመረጡልኝ ሪል

እኛ ሰዎች ማንንም ሳናማክር የምንገዛው ነገር ቢኖር የስልክ ሂሳብ ብቻ ይመስለኛል። እሱንም ቢሆን ባለሱቁ «የስንት ልሙላልህ?» ሲለን አጠገባችን የቆመውን ሰው ዓይን ዓይኑን እናያለን። ከዚያ ወዲያ ያለው ግዢ ሁሉ ጉባኤ ነው። ጫማ ስትገዙ አላፊ አግዳሚው ጎንበስ ብሎ ጫፉን በአውራ ጣቱ ይጫናል። ሐብሐብ ስትገዙ እናንተ ሳትነኩት በፊት ሦስት ሰው በጥፊ ይለዋል። አበው «አማካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ብለው ተርተዋል፤ ደግ አደረጉ። አማካሪ የበዛበት ምስኪን ስንት ዓመት እንደሚነግሥ ሳይነግሩን መሄዳቸው ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እኔ ሱዳን ውስጥ፣ ዶካ ገበያ፣ ቅመምና ሸበጥ ጎን ለጎን የምሸጥ ሰላማዊ ሰው ነኝ። ከሙን የገዙ ደንበኞቼ ጫማ ጫማ ይሸታል ብለው ይወቅሱኛል፤ ሸበጥ የገዙት ግን እግራቸው ከሙን ከሙን ስላለ አንድም ቀን አመስግነውኝ አያውቁም። ይሁን። ከመተማ ተሻግሬ እዚህ ሱቅ ከከፈትኩ፣ አግብቼ ከወለድኩ ቆይቻለሁ፤ ከሰው ጋር ተጣልቼ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለኛል። አማቴ ሐጂ ሙሄ ስሜን አይጠሩም።

ሳቅ የሚያሰኝ ይመስላችኋል አይደል? ልጃቸውን ዘሃራን ካገባሁ አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሜ «የልጅቱ ባል» ነው። ቤታቸው ስገባ «የልጅቱ ባል መጣ፣ ውኃ ስጡት» ይላሉ። እንግዳ ሲመጣ «ይኼ የልጅቱ ባል ነው» ብለው ያስተዋውቁኛል። አንድ ጊዜ ወባ ጥሎኝ እሳቸው ራሳቸው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ፤ መዝጋቢዋ የበሽተኛውን ስም ብትጠይቃቸው «የልጅቱ ባል ብለሽ ጻፊው» አሏት። እሷም ጻፈችው! በዚያ ስም ነው መርፌ የተወጋሁት። ስሜን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ሐጂ ሙሄ በጉብዝናቸው ዘመን ገላባት ላይ የታወቁ የከብት ነጋዴ ነበሩ፤ ላም ከሩቅ አይተው የአያቷን ጠባይ የሚናገሩ ሰው ናቸው። የወንድ ስም የሚጠራው አንድ ነገር ሠርቶ ሲያሳይ ነው ብለው ያምናሉ። ከሙን መመዘን ደግሞ በእሳቸው ሚዛን ከሥራ አይቆጠርም። ዘሃራ «አባባ ጠባያቸው ነው፣ ተዋቸው» ትለኛለች። እንዴት እተዋቸዋለሁ? ያመኛል። ሰው በገዛ አማቱ አፍ ስሙን ቢራብ ያማል።

ታዲያ በኢድ ዕለት እሳቸው ቤት ተሰብስበን ስንበላ፣ ከዘመዶቹ አንዱ በስልኩ ቪዲዮ አሳየን። አንድ ሰውዬ ባሕር መሐል ጀልባ ላይ ተቀምጦ፣ ዘንግ ጨብጦ፣ መዘውር እያዞረ አህያ የሚያህል ዓሣ ይጎትታል። ሐጂ ሙሄ ማላመጣቸውን አቆሙ። ስልኩን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አዩትና «ይኼ ወንድ ነው» አሉ። እዚያ ስም የለሽ ሆኜ እኔ ተቀምጬ! አንጀቴ አረረ። ደግሞም ሥጋው ጥሩ ነበር፤ ካልጠገቡ አይዘሉ እንዲሉ አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ። ይኼማ ምን ቁም ነገር አለው፣ እኔ ከግድቡ ሐይቅ ከሰው የሚረዝም ዒጅል አወጣለሁ አልኩ።

ዒጅል ሱዳኖች ለአንድ ግዙፍ ዓሣ ያወጡት ስም ነው፤ ጥጃ ማለት ነው። እዚሁ ሱዳን ያለው የግድቡ ሐይቅ ውኃ ከእኛው ተከዜ የሚወርድ ስለሆነ ዓሣውም ያው የአገራችን ልጅ ነው፤ እንደ ብዙዎቻችን ያለ መኖሪያ ፈቃድ ተሻግሮ፣ ከብዙዎቻችን በተለየ ወፍሮ የሚኖር። የእኔ ዓሣ የማጥመድ ልምድ ደግሞ በሳህን ነው። ዋና አልችልም። ሐጂ ግን ጥጃ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። ጥጃ ከሆነ እኔ አውቅበታለሁ አሉ። ቀጥለውም «የልጅቱ ባል ይህን ካደረገ እናያለን» አሉ። «እናያለን» ማለታቸው ለእኔ ግማሽ ስም ነበር።

አሁን መሣሪያ ያስፈልጋል። ዘንግና መንጠቆ ቀላል ነው፤ ዋናው ሪል የሚሉት ነገር ነው። ሪል ክሩ የሚጠቀለልበት፣ መዘውር ያለው ብረት ነው፤ ዘንጉ ላይ ይታሰራል። ዶካ ውስጥ የትራክተር ጎማ፣ የሰሊጥ ወንፊት፣ የግመል ኮርቻ ታገኛላችሁ፤ የትልቅ ዓሣ ሪል ግን አላህ ካላመጣው ማን ያመጣዋል? ደግነቱ አላህ ዑስማንን አመጣው። ዑስማን የፖርት ሱዳን ሰው ነው። ጦርነቱ ሳይመጣ ፈረንጆችን በጀልባ እየጫነ ቀይ ባሕር ላይ ትልልቅ ዓሣ ያስጠምድ ነበር። ፈረንጆቹ ሲጠፉ ጀልባውን አስሮ የጭነት መኪና መንዳት ጀመረ፤ በዶካ በኩል ወደ ገላባት ሲመላለስ እኔ ሱቅ ሻይ ይጠጣል። ያረጁ ሪሎች እንዳሉት ሲነግረኝ አምጣልኝ አልኩት፤ በሚቀጥለው ጉዞው ሦስት አምጥቶ ባንኮኒዬ ላይ ደረደራቸው።

ብልህ ብሆን ኖሮ እዚያው ዑስማን የመከረኝን አንስቼ በሸሸግሁ ነበር። ግን ሐጂን ሳላማክር? ሰው ልኬ አስጠራኋቸው። ከእሳቸው ጋር ግማሹ ገበያ አብሮ መጣ።

ሐጂ ሙሄ ሪል ሲመርጡ ያላየ ሰው ምርጫ አላየም። መጀመሪያ ሦስቱን ከሩቅ ቆመው አዩዋቸው፤ ከዚያ ዙሪያቸውን ዞሩ። ባንኮኒው ግድግዳ ስለሚነካ ለመዞር የከሙኑን ጆንያ ማንሳት ነበረብን። አንደኛዋን ብድግ አድርገው መዘኗትና «ይቺ ገና ጡት አልጣለችም» ብለው አስቀመጧት። ሁለተኛውን፣ ዑስማን ለጀማሪ የሚሆነው ይኼ ነው ብሎ የማለበትን፣ ጎኑን መታ መታ አድርገው አዳመጡና ወገቡ ቀጭን ነው አሉ። ሦስተኛው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ የሚያህል፣ ወርቅማ፣ ሲያዞሩት የሚንጣጣ ነበር። አሸተቱት። በመዘውሩ በኩል አፉን ሊከፍቱ ሞከሩ፤ ጥርሱን ፈልገው መሆን አለበት። በመጨረሻ ደረቱን ዳስሰው «ይኼ ነው» አሉ። ገበያው በሙሉ ይኼ ነው አለ። በስንት እንደገዛሁት አልነግራችሁም፤ ዘሃራ ማንበብ ትችላለች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ሐጂ ግን ከብት ሲገዙ ጎትተው ነው። የክሩን ጫፍ ለአንዱ ሰውዬ አስያዙና ሳብ አሉት። ሪሉ መዘውሩ ሳይዞር ትርርር ብሎ ክሩን ለቀቀ። ሐጂ ፊታቸው ጠቆረ። ይንሸራተታል፣ ብልሹ ነው አሉ።

ዑስማን ምስኪን ብልሽት እንዳልሆነ ሊያስረዳ ላብ በላብ ሆነ። «ያ ሐጅ፣ ይኼ ፍሬኑ ነው» እያለ በዓረብኛ ማለ። ዓሣው በኃይል ሲጎትት ሪሉ ትንሽ ክር ይለቅለታል፤ ሲደክመው ደግሞ አንተ ትጠቀልላለህ፤ እንዲህ እየተባባላችሁ ታወጣዋለህ አለ። ሐጂ በትዕግሥት ሰሙትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፤ ጥጃ በጎተተ ቁጥር ገመድ የሚለቅለት ነጋዴ አይተህ ታውቃለህ? ገበያው ሳቀ። ዑስማን ወደ እኔ ዞረ። እውነቱ ከእሱ ጋር እንደሆነ ልቤ ያውቅ ነበር፤ ዓሣ መብላት እንኳ በብልሃት ነው ይባላል፣ ማውጣቱማ። ነገር ግን ሐጂ በዚያች ሰዓት «እኔና የልጅቱ ባል የገዛነው» ብለው ነበር። እኔና! ይኼን ሰምቼ ለፍሬን ልከራከር? ልክ ብለዋል አባባ አልኩ። ዑስማን የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ እንግዲያውስ ዋና ተማር ብሎኝ ሄደ።

ሪሉን ወደ ኡስታ ሀጎስ ወሰድነው። ሀጎስ ከኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ እየተመላለሰ የዶካን ትራክተሮች የሚጠግን የትግራይ ሰው ነው፤ ሞተር ሲያስል ሰምቶ በሽታውን ይነግራችኋል። ይንሸራተታል አልነው። ፈትቶ አየውና ፍሪሲዮኑ አልቋል አለ። ውስጡ የነበሩትን ስስ ስስ ክብ ነገሮች አውጥቶ ጣለ፤ በምትካቸው ከትራክተር የተረፈ ብሎን ከተተና አጠበቀው። ከዚያ ክሩን ከቆመ ትራክተር ጋር አስሮ ሦስት ሆነን ጎተትን። ቅንጣት አልለቀቀም። «ዝሓወይ፣ ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ዝሆን ቢመጣም አይለቅም» አለኝ። ሐጂ ግንባሩን ሳሙት፤ እኔን እንኳ ስመውኝ አያውቁም።

ሐይቁ ዳር በማለዳ ደረስን፤ ሐጂ፣ እኔና የእጁን ሥራ ሊያይ የመጣው ሀጎስ። ሪሉ ክር መልቀቅ ስለማይችል ክሩን ፈትተን መሬት ላይ ዘረጋነው፤ መንጠቆው ላይ ቆሮሶ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ሰክተን ሀጎስ እንደ ወንጭፍ አሽከርክሮ ወረወረው። እኔ ዘንጉን ይዤ ዳር ላይ ቆምኩ። ጀላቢያዬን አጥቤ፣ ጥምጣሜን አሳምሬ ነበር፤ ዓሣው ቀና ብሎ የሚያየኝ ይመስል።

ብዙ አልጠበቅንም። መጀመሪያ ትንሽ ነካ ነካ አደረገው። ቀጥሎ አንድ ነገር ያዘና ሄደ። ሐጂ የመረጡት ሪል ቃሉን ጠበቀ፤ አልተንሸራተተም። የተንሸራተትኩት እኔ ነኝ። ሸበጤ ጭቃው ላይ ሁለት መስመር እያሰመረ ወደ ውኃው ሄድኩ። እስከ ቁርጭምጭሚት ስገባ ሐጂ «አየህልኝ! ጨክኖ ያዘ!» ብለው ሀጎስን ያመሰግኑት ነበር። እስከ ጉልበት ስገባ ምስጋናው ቀነሰ። ውኃው ወገቤ ላይ ሲደርስ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሐይቁን ሰነጠቀው።

«ኑርሁሴን! ልቀቀው!»

እናንተዬ! ስሜ! ከእሳቸው አፍ!

እንግዲህ በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ስምህን ሲጠራ ምን ይደረጋል? ዞር ይባላል፣ «አቤት» ይባላል። ዞርኩ። «አቤት አባባ!» አልኩ። ፊቴ በፈገግታ ተሞልቶ፣ ጀርባዬን ለዓሣው ሰጥቼ፣ ዘንጉን በሁለት እጄ እንደጨበጥኩ እስከ ደረቴ ገባሁ። «ኑርሁሴን ልቀቀው!» አሉ እንደገና። ምን አሉኝ አባባ አልኳቸው። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያውኑ ሰምቻለሁ። ግን አስራ አንድ ዓመት የጠበቁትን ነገር አንዴ ብቻ ሰምቶ መልቀቅ ይቻላል? ሦስተኛ ጊዜ ሲጠሩኝ «አቤት» ያልኩት በውኃ ውስጥ ነበር፤ መሬቱ ከእግሬ ስር ጠፋ፣ ጣቶቼም ሳላዛቸው ለቀቁ።

ሀጎስ በጀላቢያዬ ጫፍ፣ ሐጂ በጥምጣሜ ይዘው አወጡኝ። ሐጂ እስከ አንገታቸው ርሰዋል፤ ጢማቸው ይንጠባጠባል። በጥፊ ሊመቱኝ እጃቸውን አነሱና መልሰው ግንባሬን ሳሙኝ። «ኑርሁሴን፣ ልጄን ባሏን ልታሳጣት ነው እንዴ?» አሉ። አለቀስኩ። ርሼ ስለነበር ማንም አላወቀብኝም። ዘንጉ ከሩቅ አንድ ጊዜ ውኃው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና ሰመጠ። ከሁላችንም ውስጥ ሪሉን ማንንም ሳያማክር የወሰደ ያ ዓሣ ብቻ ነው።

ዶካ ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ነበር። አሁን ገበያው በሙሉ «ኑርሁሴን ልቀቀው» እያለ ይጠራኛል። አዲስ የመጡ ሰዎች ልቀቀው የአባቴ ስም ይመስላቸዋል፤ አንዳንዱም በአክብሮት «አቶ ልቀቀው ደህና ናቸው?» ይለኛል። ደህና ናቸው እላለሁ። ምን ቸገረኝ? ሐጂም ቤታቸው ስገባ «ኑርሁሴን መጣ፣ ውኃ ስጡት» ይላሉ፤ ከዚያ የጠጣሁት ትዝ ይላቸውና ይስቃሉ።

ባለፈው ሳምንት ዑስማን በጉዞው መሐል ጎራ አለ። የሆነውን ሰምቶ አዝኖልኝ ኖሮ ያን ሁለተኛውን፣ ለጀማሪ የሚሆነውን ሪል በነፃ አመጣልኝ። ሐጂም ሱቄ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ሪሉን አነሱት፣ ጎኑን መታ መታ አድርገው አዳመጡት፤ የክሩን ጫፍ ለዑስማን አስያዙና ሳብ አሉት። ትርርር አለ። ዑስማን ይኼንንስ እንዳታስበላሸው ብሎ በዓይኑ ለመነኝ። ሐጂ ሪሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምክሬን ጠየቁኝ።

«ኑርሁሴን፣ ይኼም ይንሸራተታል። ምን ትላለህ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

«ወደ ኡስታ ሀጎስ እንውሰደው አባባ» አልኳቸው።