መብራት ላይ የምትጠፋዋ መኪናዬ

የዘንድሮ መኪኖች ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ ሞተራቸውን ራሳቸው ያጠፋሉ። ልጄ አዲስ መኪና ገዛና ይህንኑ ጉድ ሊያሳየኝ ይዞኝ ወጣ። «አባ፣ አየህ? ራሷ ጠፋች!» ይለኛል በዕብራይስጥ። አየሁ እንጂ! ሳቄ ነው ያስቸገረኝ። የኔዋ መኪና ይህን ጥበብ እሱ ገና አንደኛ ክፍል ሳለ ታውቀው ነበር። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የሱዋ እግሩን ከፍሬኑ ሲያነሳ መልሳ ትነሳለች። የኔዋ ግን ከኋላ ያለው የቤር ሼቫ ከተማ ሕዝብ በሙሉ ጥሩምባውን ነፍቶ፣ እናት አባቴን ሰድቦ፣ አልፎኝ እስኪሄድ ድረስ ንቅንቅ አትልም።

ያቺ መኪና ነጭ ነች ይሏት ነበር። እኔ ነጭነቷን አልደረስኩበትም፤ እጄ የገባችው የነጌቭ በረሃ ፀሐይ ልሶ ከጨረሳት በኋላ ነው። ካርቡራተር ካላቸው ከድሮዎቹ ነች። ካርቡራተር ማለት ቤንዚኑንና አየሩን እየቀላቀለ ሞተሩን የሚያጎርስ ዕቃ ነው። የዛሬዎቹን የሚያጎርሳቸው ኮምፒውተር ነው፤ ለዚህ ይሆናል ፍቅር የሌላቸው። የኔዋ መንገድ ላይ ስትሮጥ ማዝጋኗ፣ ያው የአየር ማቀዝቀዣዋ ማለቴ ነው፣ እንደ ደባርቅ ንፋስ ይነፍሳል። መብራት ላይ ስትቆም ግን እንደ ወባ በሽተኛ ትንቀጠቀጥና፣ እፍ እንዳሉት ኩራዝ ጭልም!

ለኔ ምን ቸገረኝ? መብራቱ ጋ ልደርስ ስል ማዝጋኑን እዘጋለሁ፣ በላብ እጠመቃለሁ፣ መብራቱ ሲለቅ እከፍታለሁ። ከመኪና ጋርም እንደ ትዳር ነው፤ አመሏን ካወቁት ይኖራል። እንዲህ ስንኖር አክስቴ ስንዱ መጣች።

ስንዱ የእናቴ ታናሽ ናት። እኛ ወደዚህ አገር በአውሮፕላን ስንመጣ እሷ ጎንደር ቀረች። ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች ሲባል ዓመታት አለፉ፤ እናቴም ከስልክ ድምፅ በቀር ምንም ሳታገኝ አረጀች። በዚያ በጋ ግን እውነት ሆነ። ስንዱ ገባች። ወደ ሰሜን ወስደው አዲስ ገቢዎች የሚያርፉበት መርካዝ ክሊታ አሳረፏት፤ ሰንበትን እኛ ቤት እንድትውልም ፈቀዱ። እኔ ዓርብ ጠዋት ሄጄ ላመጣት አሰብኩ። እናቴ፣ እማማ ተዋበች፣ «አብሬህ እሄዳለሁ» አለች።

ሐኪሟ ለደም ግፊቷ ሙቀት እንዳትጠጋ አስጠንቅቋታል። አውቶቡስ ያስመልሳታል። ባለቤቴ ደግሞ፣ መኪናህ በየመብራቱ ከሞተች እማማን እንደ እንቁላል ቀቅለህ ነው የምታደርሳት አለችኝ።

«እማዬ፣ አንቺ ቤት ጠብቂ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» አልኳት።

«ይርጋ፣» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ስትሸኘኝ አላቀስኩም። እንባዬን እንዳታይ ብዬ ቻልኩት። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ይቀበልልኝ?»

ምን ትላላችሁ? እኔ ቀጥ ብዬ ጋራዥ ሄድኩ።

ባለ ጋራዡ ኮፈኑን ከፍቶ አንዲት ብሎን አዞረና፣ «ይህዬ በሴዴር»፣ ደህና ይሆናል ብሎ አሰናበተኝ። እዚህ አገር ይህን ቃል ስትሰሙ ጠርጥሩ። መኪናዋ ቆማም ሞተሯ እንዲፈጥን ነበር ያደረገው። ከታሃና መርካዚት ፊት ለፊት፣ አውቶቡስ ጣቢያው ጋ፣ መብራት ያዘኝና ማዝጋኑን እንደ ልማዴ ዘጋሁት። መኪናዋ ሽቅብ እንደሚወጣ የጭነት መኪና አጓራች። ወረፋ የቆመው ሰው ሁሉ ዞረ። ደንግጬ ማዝጋኑን ከፈትኩት፤ ጠፋች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሽኩና ኣሌፍ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤታችን በር ላይ ኮፈኑን ከፍቼ፣ እኔም እንደ አዋቂ አንገቴን አስግጌ ሳለሁ ጎረቤታችን ሳሻ መጣ። ሳሻ ከዩክሬን የመጣ ጡረተኛ ነው። ሚስቱ ከሞተች በኋላ በመስታወት ገንዳ ከሚያኖራቸው ዓሦቹ ጋር ነው የሚኖረው። የሱ ዕብራይስጥ በግራ እግሩ ያነክሳል፣ የኔ በቀኝ፤ ስንደጋገፍ ግን እንሄዳለን።

ግባና ማዝጋኑን ክፈት አለኝ። ዝጋ። ክፈት። እሱ አንዲት ክብ ቆርቆሮ ላይ ዓይኑን ተክሏል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማዝጋን ሲከፈት ሞተሩ ሸክም ይጨመርበታል። ሸክም የተጨመረበት ጉርሻ ይገባዋል። ያቺ ቆርቆሮ ሞተሩ በቀጭን የጎማ ቱቦ አየር ሲስብባት ዘንጓን ትጎትትና ጉርሻውን ታስጨምርለታለች። የኛይቱ ግን ንቅንቅ የለም። ሳሻ ጎማውን ነቅሎ ቆርቆሮዋን በአፉ ሳባት፤ ዘንጓ ሄደ። ደህና ነች! የጎማውን ጫፍ በጣቱ ደፈነ፤ ምንም አይስብም። ጎማውን በዳበሳ ተከተለው፤ ከካርቡራተሩ ጀርባ መታጠፊያው ላይ በሙቀት ደርቆ ተሰንጥቋል። ሞተሯ ጉርሻ ብላ አፏን ስትከፍት ንፋስ ነው የምትውጠው። እንዴት አትሞት?

እናቴ ወንበሯን አስወጥታ እያየችን ነበር። «ይህ ሰውዬ እህት አለው? ጠይቅልኝ» አለችኝ።

ጠየቅኩት። ሳሻ ቀና ሳይል አለችኝ አለ። ዩክሬን። እግሯ አይሄድም፣ እሱም ልቡ አውሮፕላን አይችልም፤ በስልክ ይገናኛሉ።

ተረጎምኩላት። «እግዚአብሔር ያገናኝህ በለው» አለች። ስነግረው እጁን በሱሪው ጠረገና ጥሎን ደረጃውን ወጣ። ተቀየመ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ለዚያች አሮጊት መኪና መለዋወጫ ለነገ ከየት ይገኛል? ሳሻ ሲመለስ ዓሦቹ አየር የሚያገኙባትን ቱቦ ቆርጦ ይዟል። ልክክ አለች! ባለ ጋራዡ ያዞራትን ብሎን ወደ ቦታዋ መለስናት፤ ማዝጋኑን ከፈትን። መኪናዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ አሰበች፣ ቀና አለች፤ አልጠፋችም። እናቴ እልል አለች። የላይኛው ፎቅ ሰዎች ሠርግ መስሏቸው ወጡ።

ዓርብ ጠዋት መብራት በያዘን ቁጥር እናቴ ወንበሩን ጨብጣ «ጠፋች?» ትላለች። «አልጠፋችም።» «ተመስገን!» እንዲህ እያልን ደረስን።

ስንዱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እናቴ ጥላት የመጣችው ጎልማሳ፣ ያገኘቻት አሮጊት። እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ «አንቺ ነሽ?» አለቻት።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ ዞር ብዬ ጎማ ስፈትሽ ስለነበር አላየሁም።

ስንመለስ ሁለቱም ከኋላ ተቀመጡ። ማዝጋኑ ይነፍሳል፣ እኔም እንደ ሹም ነድቻለሁ። ብዙም ሳንሄድ በመስታወት ሳይ አክስቴ በጋቢ እስከ አፍንጫዋ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች። «እትዬ፣ አገሩ ሙቀት ነው አላልሽኝም ነበር? ብርዱ አጥንቴ ገባ እኮ!»

«ይርጋ፣ ዝጋው!» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ ግፊትሽ...»

«ዝጋው አልኩህ! ስንት ዓመት የጠበቅኳትን በብርድ ልትገድልብኝ ነው?»

ዘጋሁት። መስኮቶቹን ከፈትን። የበረሃው ወላፈን ገባ፤ እነሱ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በንፋሱ ላይ እየጮኹ፣ ማን እንዳገባ ማን እንደሞተ እየተቀባበሉ እስከ ቤር ሼቫ ደረሱ። ዛሬ እናቴም ስንዱም የሉም። ሳሻም ልጁ ወዳለችበት ከተማ ሄዷል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያንን የመሰለ ጉዞ አልተጓዝኩም።

ሰንበት ሊገባ ሲል ደረስን። ሳሻ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል። መስኮቱ ወለል ብሎ፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ፣ ላቤ ባገጬ ሲንጠባጠብ አየና ፊቱ ጠቆረ። «ማዝጋኑ ጠፋ?» አለኝ።

«ጠፋ» አልኩት። «ይኼኛው ግን ከካርቡራተሩ ሳይሆን ከኋላ ወንበር የመጣ ነው።»